ቁጠባ ከማን ድርሻ ይነሣል?

አንድ ሰው ቆጣቢ ነው ሲባል ምስጋና ነው፤ ንፉግ ነው ሲባል ግን ስድብ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱ ሰዎች በአንድ ገበያ ሲገበዩ፣ በአንድ ሚዛን ሲያስመዝኑ፣ ከአንድ ብር ላይም ያንኑ ያህል ሳንቲም ሲያስቀሩ ብናያቸው፣ የትኛው ቆጣቢ የትኛው ንፉግ እንደ ሆነ ከእጃቸው ለመለየት አይቻለንም። ሥራቸው አንድ ሲሆን ስማቸው ስለ ምን ይለያያል? ለዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ የመጠን መልስ ነው፤ ይኸውም ቆጣቢ በልክ ያስቀራል፣ ንፉግ ከልክ ያልፋል የሚል ነው። የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስም ለጋስነትን በአባካኝነትና በንፍገት መካከል ያቆመው በዚሁ መንገድ ነው። እኔም በዚህ መልስ ረክቼ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። አሁን ግን ልኩን ከመጠየቅ በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር እንዳለ ተረድቻለሁ። የተረዳሁትም ከመጽሐፍ ሳይሆን በገዛ ቤቴ ከደረሰብኝ እፍረት ስለ ሆነ፣ አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን ከመጀመሪያው እንዳጫውትህ ፍቀድልኝ።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን እንደ ጨረስሁ በመንግሥት ሥራ ገብቼ፣ እነሆ በባሕር ዳር ከተማ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር በደመወዝ እኖራለሁ። በደመወዝ የሚኖር ሰው ወሩን የሚያውቀው በጨረቃ አይደለም፤ በኪሱ ነው። በ2014 ዓ.ም. በአገራችን የኑሮ ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ30 በመቶ በላይ በጨመረ ጊዜ፣ ደመወዜ እንደ ወትሮው በቦታው ቆሞ ሳለ የገበያው ዋጋ እንደ ክረምት ውኃ በየቀኑ ከፍ ከፍ ይል ጀመር። እኔም ተጨንቄ ዝም አላልሁም። አንድ ወፍራም የሒሳብ ደብተር ገዝቼ በማስመሪያ አሰመርሁና የቤቱን ወጪ ሁሉ አንድ ሳይቀር በየቀኑ እመዘግብ ጀመር።

ደብተሩ ብዙ ነገር አሳየኝ። ከሱቅ የሚገዛው እንጀራ በቤት ከሚጋገረው ይልቅ እንደሚወደድ ተመለከትሁና ከውጭ መግዛት ይቅር አልሁ። ለባጃጅ የሚከፈለውን አስቀርቼ ወደ ቅዳሜ ገበያ በእግር ይኬድ አልሁ። ከሰሉ በግማሽ እንዲቀነስ፣ የተረፈው እንጀራ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ እንዲሆን፣ ልብስ በውጭ ከማሠራት ይልቅ በቤት እንዲጠገን አዘዝሁ። ዓሣም ቢሆን አጥንቱ ወጥቶ፣ ፊሌቶ ሆኖ ከሚሸጠው ይልቅ፣ ከሐይቁ እንደ ወጣ ቅርፊቱን እንደ ለበሰ የሚሸጠው ቆሮሶ ይረክሳልና፣ እርሱ ይገዛ አልሁ። ሥጋ የሚገዛው ለዓመት በዓል ብቻ ሆነ። እያንዳንዱ ትእዛዝ በራሱ ሲታይ ምክንያት ያለው ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ሐሰት ነበር ብዬ የምክደው አንድም የለም።

በዚያ ዓመት ነሐሴ፣ የፍልሰታ ጾም እንደ ተፈታ፣ እናቴ ከዘጌ በጀልባ ተሳፍራ ልትጠይቀን መጣች። እንደ ልማዷም ባዶ እጇን አልመጣችም፤ ጀንፈል ቡናና ሎሚ በከረጢት ይዛ ነበር። ባለቤቴ ዶሮ እንዲገዛ ጠየቀችኝ። እኔም ደብተሬን ገልጬ የወሩ መደብ ማለቁን፣ የዶሮው ዋጋም ስንት እንደ ደረሰ፣ በሽሮ ቢስተናገዱ እናት ልጅን እንደማትታዘብ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አስረዳኋት። ድምፄ ዝቅ ማለቱን እርግጠኛ ነበርሁ፤ የኪራይ ቤት ግድግዳ ግን ምሥጢር አይጠብቅም። እናቴ አንድ ሳምንት ልትቀመጥ አስባ የመጣች ሴት በማግሥቱ ጧት፣ «ልጄ፣ ማኅበር እንዳለብኝ ረስቼው ነው፤ ልሂድ» ብላ ተነሣች። እኔም ለካስ ማኅበር ነበረባት ብዬ አምኜ ወደ ጀልባው ሸኘኋትና ተመልሼ ቢሮ ገባሁ።

በጳጉሜን ሒሳቤን ዘጋሁ። ዓመቱን ሙሉ ያስቀረሁት ገንዘብ 9,400 ብር ሆኖ ተገኘ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ባለቤቴን ጠርቼ ከገጽ ገጽ እየገለጥሁ አሳየኋት፤ ሙገሳም ጠብቄ ነበር። እርስዋ ግን እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ካየች በኋላ፣ «ይህን ሁሉ የቆጠብኸው አንተ ነህ?» አለችኝ። «ከሌሊቱ 10 ሰዓት እየተነሣሁ የጋገርሁት በየትኛው ገጽ ተጻፈ? ጥልፌን የተውሁበት ቀንስ የት አለ? እናትህ ባደሩ በማግሥቱ ጥለውን የሄዱትስ ስንት ብር ተብሎ ተመዘገበ?»

የጥልፉን ነገር ልግለጽ። ባለቤቴ ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሳሉ የቀሚስ ጥልፍ ትጠልፍ ነበር። ከዚያ የምታገኘው ገንዘብ ብዙ ባይሆንም የራስዋ ነበር። ለልጆቹ ደብተርና እርሳስ፣ ለዕድርዋም መዋጮ የምታወጣው ከእርሱ ነበር። እኔ እንጀራው በቤት ይጋገር፣ ዓሣው በቤት ይገፈፍ፣ ገበያው በእግር ይኬድ ባልሁ ቁጥር፣ ከእርስዋ ቀን ላይ አንድ አንድ ሰዓት እየቀነስሁ እንደ ነበር አላስተዋልሁም። በመጨረሻው ለጥልፉ የቀረ ሰዓት አልነበረም። መርፌዋን ካስቀመጠች ወራት ማለፋቸውን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። በአንድ ቤት እየኖርሁ፣ የአንዲት ክብሪት ዋጋ ሳይቀር እየመዘገብሁ፣ ይህን አለማየቴ ምን ይባላል?

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ያሰብሁትን ልጻፍ። በደብተሬ ውስጥ ያለው ቁጠባ አብዛኛው ቁጠባ አልነበረም፤ ዝውውር ነበር። በብር ይከፈል የነበረው ወጪ ወደ ጉልበት ተዛወረ፤ ብር ተቆጣሪ ስለ ሆነ ትርፉ ታየኝ፣ ጉልበት ግን ተቆጣሪ ስላልነበረ ኪሳራው አልታየኝም። ከዚያም ይልቅ የከፋው፣ ትርፉ ተመዝግቦ የገባው በእኔ ስም ሲሆን ጉልበቱ የወጣው ከሌላ ሰው ትከሻ ነው። ስለዚህ ቆጣቢንና ንፉግን የሚለየው ምን ያህል አስቀረ የሚለው ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ ያስቀረው ከማን ድርሻ ላይ ነው ብሎም መጠየቅ ይገባል። ከራሱ ሲጋራ፣ ከራሱ ቢራ፣ ከራሱ ምቾት የሚቀንስ ሰው ከልክ እንኳ ቢያልፍ ቢበዛ ባሕታዊ ይባል ይሆናል። ከሚስቱ እንቅልፍና ከእናቱ መስተንግዶ የሚቀንስ ግን በልክ ቢቀንስም ንፉግ ነው። (እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ዓመት ቅዳሜ ማታ ከወዳጆቼ ጋር የምጠጣው ቢራ «ልዩ ልዩ» በሚል አርእስት ሥር ተመዝግቦ ከቅነሳ አምልጦ ነበር።)

ይህ ስሕተት የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ የአንባቢን ጊዜ ባላባከንሁ ነበር። ነገር ግን ስሕተቱ የደመወዝ ኑሮ ራሱ ያመጣው ይመስለኛል። ባለቤቴ የተወለደችው በአዴት አካባቢ፣ ጤፍ በሚታረስበት አገር ነው። እርስዋ እንደምትነግረኝ በልጅነትዋ የቤቱ ሀብት ያለው በጎታው ውስጥ ነበር። ጎታ ከጭቃና ከጭድ የሚሠራ ዕቃ ነው፤ በቤት ውስጥ ቆሞ ሁሉም ያየዋል፤ ምን ያህል እንደ ጎደለም ሕፃን ልጅ ሳይቀር ክንዱን ከትቶ ሊያውቅ ይችላል። ከእርሱ እየሰፈረች የምታወጣው፣ ለክረምቱ ይህን ያህል ለዘር ይህን ያህል ብላ የምትመድበው እናቲቱ ነበረች። ባል አራሽ ሲሆን ሚስት መጋቢ ነበረች። ባልትና የሚለው ቃልም ወጥ ማጣፈጥን ብቻ ሳይሆን ይህንን ማስተዳደር ጭምር ይይዝ ነበር። በከተማ ግን ሀብቱ ከጎታ ወጥቶ ወደ ባንክ ገባ። የባንኩ ደብተር፣ ዛሬ ዛሬ ደግሞ በስልክ የሚታየው ሒሳብ፣ በባል ኪስ ውስጥ ነው። የሚበላው ከማን እጅ እንደሚወጣ አልተለወጠም፤ የሚለካው በማን እጅ እንደ ሆነ ግን ተለወጠ። መጋቢዋ ታዛዥ ሆነች።

በባንክ የሚቀመጠው ገንዘብ ደግሞ እንደ ጎታው እህል ባለበት የሚቆይ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ብሔራዊ ባንክ ለቁጠባ የሚከፈለውን ዝቅተኛ ወለድ ከ5 በመቶ ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎት ነበር። በ2014 ዓ.ም. ግን ዋጋ ከ30 በመቶ በላይ ሲጨምር፣ በዓመቱ መጀመሪያ 10,000 ብር በ7 በመቶ ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ መጨረሻ 10,700 ብር ያገኛል፤ በ10,000 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ ግን 13,000 ብር ገብቷል። ስለዚህ 700 ብር አተረፍሁ ሲል 2,300 ብር ጎድሎበታል ማለት ነው። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ 58 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ይህንን የምጽፈው ባንክን ለመንቀፍ አይደለም፤ እኔም በባንክ አስቀምጣለሁ። ነገር ግን የባለቤቴ የሌሊት እንቅልፍ ተለውጦ የሆነው ገንዘብ በተቀመጠበት እየሟሸሸ እንደ ነበር ስገነዘብ፣ ማታ ማታ ደብተሬን ስደምር የተሰማኝ ደስታ ሁሉ መራራ ሆነብኝ።

ከ2,300 ዓመት በፊት ክሴኖፎን የተባለ ግሪካዊ ስለ ቤት አስተዳደር መጽሐፍ ጽፎ ነበር። ዛሬ ኢኮኖሚ የምንለው ቃል ራሱ በግሪክ ቋንቋ «ቤት» ከሚለው ቃል የመጣ ነው። በዚያ መጽሐፍ ኢስኮማኮስ የተባለ ባለጸጋ፣ ወጣት ሚስቱን ዕቃ ሁሉ በየቦታው እንዲቀመጥ፣ የዓመቱ ቀለብ በወር እንዳያልቅ እንዴት አድርጎ እንዳስተማራት ለሶቅራጥስ ያወራል። ምክሩ መልካም ነው፤ ብዙው በእኛም ቤት ይሠራል። ነገር ግን ከመጽሐፉ አንድ ነገር ይጎድላል። ሚስቲቱ ምን አለች፣ ምንስ ተሰማት የሚለውን የምንሰማው በባልዋ አንደበት ብቻ ነው። ሶቅራጥስም ጠያቂ ሰው ሲሆን እርስዋን ራስዋን ልጠይቅ አላለም። የእኔም ደብተር እንደዚያው ነበር።

እናቴ ስለ ሄደችበት ምክንያት ባለቤቴ ከነገረችኝ በኋላ በሚቀጥለው እሑድ ወደ ዘጌ ተሻገርሁ። ይቅርታ ስጠይቃት፣ «ምን ሆንህ ልጄ፣ ማኅበር ነበረብኝ አልሁህ እኮ» ብላ አሳፍራ መለሰችኝ፤ እስከ ዛሬም ቃሏን አልለወጠችም። ያን ዕለት ግን በልጅነቴ ሳላስተውል ያለፍሁትን ነገር አየሁ። ዘጌ እንደሚታወቀው በገዳማቱና በቡና ደኑ የታወቀ ልሳነ ምድር ነው። በቀድሞው ሥርዓት በሬ ጠምዶ ማረስ የተከለከለ ስለ ሆነ፣ ሕዝቡ ቡናውን፣ ጌሾውን፣ ሎሚውንና ማገዶውን በታንኳ ወደ ባሕር ዳር እያመጣ ሸጦ እህሉን ከገበያ ሲሸምት ኖሯል። ስለዚህ የእናቴ ጎታ የጤፍ ሳይሆን የቡና ነበር። በደረቀ ልብሱ እንዳለ የሚቀመጥ ጀንፈል ቡና ብዙ ጊዜ ሳይበላሽ ይቆያል። እርስዋም በለቀማ ጊዜ ዋጋው ሲወርድ ሁሉንም ሳትሸጥ ከፊሉን በጋን ከትታ ታስቀምጥና ችግር በመጣ ጊዜ በትንሽ በትንሹ ታወጣ ነበር። የእኔ የትምህርት ቤት ልብስ የተገዛው ከዚያ ጋን ነው። ከዚያው ጋን ግን ለእንግዳ ሳይፈላ የቀረበትን ቀን አላስታውስም። እናቴ ራስዋ ከሦስተኛው ስኒ በቀር ስትጠጣ አላየሁም፤ እርስዋ በረካውን እወዳለሁ ትል ነበር። በረካ ቀጭኑ ነው፤ የሚወደድበት ምክንያት እንደሌለ የገባኝ አሁን ነው።

ከዘጌ ስመለስ በጀልባው ላይ ተቀምጬ በሐይቁ ዳር የደንገል ታንኳዎች ቆመው ሲደርቁ አየሁ። የደንገል ታንኳ በመሥራት በተለይ የታወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። ታንኳው ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው። ውኃ ይመጥጣልና ከሐይቁ በወጣ ቁጥር ቀጥ ተደርጎ ቆሞ ካልደረቀ፣ ያቺኑ አጭር ዕድሜ እንኳ ሳይጨርስ ይበሰብሳል። ቁጠባ ሁሉ እንዲህ ያለ ሥራ ይጠይቃል፤ ያለ እጅ የሚተርፍ ነገር የለም። ልዩነቱ ግን ታንኳውን ተሸክሞ የሚያቆመው የቀዘፈበት ሰው ራሱ መሆኑ ነው። በእኔ ቤት ግን አንዱ ይቀዝፋል፣ ሌላዋ ተሸክማ ታቆማለች፤ ማታ ደግሞ ቀዛፊው ታንኳውን ያተረፍሁት እኔ ነኝ ብሎ ይጽፋል።

ሸክሙን ስለ ማካፈል ሲነሣ፣ በሐይቁ ምሥራቅ በፎገራ ወረዳ የሚገኘውን የአውራምባን ማኅበረሰብ ሳያነሡ ማለፍ አይገባም። በ1964 ዓ.ም. በአቶ ዙምራ ኑሩ መሪነት የተመሠረተው ይህ ማኅበረሰብ ሥራን የወንድ የሴት ብሎ አይለይም፤ ወንዱ ይጋግራል፣ ይፈትላል፤ ሴቲቱ ታርሳለች፣ ትሸምናለች። በቤት ውስጥም ቤተ ሰቡ ተቀምጦ የሚወያይበት ልማድ አላቸው። ለሠርግ ድግስ ገንዘብ አያፈሱም። በእነርሱ ዘንድ ሲቆጠብ ሁሉም የሚያውቀውን፣ ሁሉም የተሸከመውን ነገር ነው የሚቆጥቡት። በዚህ ረገድ ከእነርሱ ብዙ የምንማረው አለ፤ ወንድ ልጅ ምጣድ ፊት መቀመጡን እንደ ውርደት የምንቆጥር እኛ የከተማ ሰዎች በተለይ።

በድግሱ ነገር ግን ከእነርሱ ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ለሠርግ ተበድሮ ዓመት ሙሉ ዕዳ መክፈል ሞኝነት መሆኑን አምናለሁ፤ የማውቃቸው ሰዎችም ደርሶባቸዋል። ነገር ግን ማኅበር፣ ሰንበቴ፣ ዕድር፣ ዕቁብ የሚባሉት ሁሉ ወጪ ብቻ ተደርገው ሲቆጠሩ እሰማለሁ። እኔም በደብተሬ «የማይመለስ ወጪ» ብዬ ጽፌአቸው ነበር። ዕቁብ ገንዘቡን መልሶ እንደሚሰጥ የታወቀ ነው። ዕድር በሐዘን ቀን ድንኳን ይዞ እንደሚመጣም የታወቀ ነው። ማኅበር ግን ምን ይመልሳል? ባለፈው ዓመት ልጄ ታሞ ሁለት ሌሊት በሐኪም ቤት ባደርን ጊዜ ሌላውን ልጅ የያዘችልን፣ ምግብ ያመላለሰችልን፣ ባለቤቴ በማኅበር የምታውቃት ጎረቤታችን ነበረች። ሰው ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ሀብት አለ፤ ዋጋ ሲንር አይሟሽሽም፤ ነገር ግን ሳያስቀምጡት አይገኝም። በሽሮ ያሳደርኋት እናቴም ከዚህ ሀብት ውስጥ ነበረች።

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ሲሰሙ፣ «እንግዲያውስ አትቆጥብ፣ ብላ ጠጣ ማለትህ ነው?» ይሉኛል። አይደለም። ልጆች ያሉት ደመወዝተኛ ካልቆጠበ ከእጅ ወደ አፍ መኖር ነው፤ የታመመ ቀንም የሰው ፊት ያያል። ደብተሩን አልጣልሁትም። ነገር ግን አሁን ደብተሩ በወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ይቀመጣል፤ የሚጽፍበትም ሁለት ሰው ነው። ከብር ዓምድ አጠገብ ሌላ ዓምድ አስምረናል፤ በእርሱ ላይ የሚጻፈው ሰዓት ነው። ከዚህ በኋላ የቆጠብነው ከቀድሞው ያነሰ ነው፤ ነገር ግን አንዳንዱ ሁለታችንንም የጠቀመ ሆነ። ጤፉን በየሳምንቱ በኪሎ መግዛት ትተን፣ አዲሱ እህል በሚገባበት በታኅሣሥና በጥር ከዕቁብ በደረሰን ብር ለዓመቱ እንሸምታለን፤ በባንክ ሊሟሽሽ የነበረው ገንዘብ እህል ሆኖ ይቀመጣል። በሦስት ጉልቻ ላይ ይጋገር የነበረውን እንጀራ «ምርጥ» በሚባለው ምድጃ ላይ ስናደርገው የእንጨቱ ወጪ ወደ ግማሽ ወረደ፤ ጭሱም ከባለቤቴ ዓይን ላይ ቀነሰ። ይህንን ምድጃ ቀድሞ «ዋጋው ይበዛል» ብዬ የከለከልሁት እኔ ነኝ። ዓሣውን የምገፈው እኔ ሆኛለሁ። ቆሮሶን በሚገባ መግፈፍ እንዲህ ቀላል ሥራ አይደለም፤ እጄን ቆርጦኝ ቢሮ በፋሻ ጠቅልዬው ስገባ የሥራ ባልደረቦቼ ስቀውብኛል። ከሁለት ሳምንት በኋላም ፊሌቶ ይገዛ የሚል ሐሳብ ያቀረብሁት እኔው ራሴ ነበርሁ።

ባለቤቴ ያን ጊዜ አልፈቀደችም። «አንድ ዓመት ግፈፍ፤ ከዚያ እንነጋገራለን» አለችኝ። ጥልፏን ግን እንደ ገና ጀምራለች።

ባለፈው የካቲት እናቴ መጣች። ኪዳነ ምሕረትን በዘጌ አክብራ በማግሥቱ ነበር የተሳፈረችው፤ ጀንፈሉንም እንደ ወትሮው ይዛ ነበር። ዘጠኝ ቀን ተቀመጠች። ከሄደች በኋላ ደብተሩን ስገልጥ በባለቤቴ እጅ ጽሕፈት «ለእምዬ ዶሮ» የሚል አገኘሁ። በብር ዓምድ ላይ ዋጋው ተጽፎአል፤ በሰዓቱ ዓምድ ላይ ግን ምንም አልነበረም። ስለ ምን ባዶ ተውሽው ብዬ ብጠይቃት፣ ሽንኩርቱን የከተፍኸው አንተ ነህና አንተ ጻፈው አለችኝ።